የዋቃ መንገደኞች በቦረና ደጋ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ከመካከላችሁ የኤውሮፓን ታሪክ የተማራችሁ ሁሉ፥ የሰሜን ኤውሮፓ ሕዝቦች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ምን ያመልኩ እንደ ነበረ ጥቂት ታስታውሱ ይሆናል። ነጐድጓድን የሚያዝ ቶር የሚሉት አምላክ ነበራቸው፤ የጦርነትና የጥበብ ጌታ ኦዲን የሚሉትም ነበራቸው። በመርከብ እየሄዱ አይስላንድን፥ ቀጥሎም ግሪንላንድን ያዙ፤ በ1000 ዓመት ግድም ደግሞ እስከ ሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ደረሱ። (ዛሬ ማታ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሐሙስን በጠራ ቍጥር ሳያስበው የቶርን ስም ይጠራል፤ ረቡዕንም በጠራ ቍጥር የኦዲንን። አምልኮው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሲሆነው፥ ስሙ በቀን መቍጠሪያ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

እኔ ግን ዛሬ ወደዚያ ሩቅ አገር ልወስዳችሁ አላሰብሁም። እንዲህ ያለው ነገር በእኛም አገር አለና፥ ከደሴ በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው ወደ መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ወዳለው ደጋ አብረን እንሂድ።

ይህ ደጋ በሰሜን የበሽሎ፥ በምዕራብ የዓባይ ሸለቆ የሚያዋስነው፥ ከሸለቆው ማዶ ጐጃምን የሚያሳይ አገር ነው። ሕዝቡ የሚናገረው አማርኛ ነው። ከሕዝቡም ክርስቲያኑ አለ፥ እስላሙም አለ፤ በአንድ መንደር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ላይ የምንጽፋቸውን የወረዳ ስሞች ልብ ብለን ብናነብባቸው ሌላ ነገር ይነግሩናል። አንደኛው ወረዳ ቦረና ይባላል። ከእርሱ ራቅ ብለው ለጋምቦ፥ ለጋሂዳ፥ ወረኢሉ አሉ፤ የቀድሞው ወረሂማኖም ከዚያው ወገን ነው። «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ «ወረ» ማለትም የእገሌ ቤት፥ የእገሌ ቤተ ሰብ ማለት ነው። ከእነዚህ ስሞች አጠገብ ደግሞ አማራ ሳይንት የሚባል ወረዳ አለ። ይኸውም ይህ ምድር በጥንት ዘመን ቤተ አማራ ይባል የነበረ መሆኑን የሚያስታውስ ስም ነው። እንግዲህ በአንድ ደጋ ላይ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል። ኦሮምኛ የሚናገረው ሰው ከባቲና ከከሚሴ ወዲያ ነው፤ በቦረና ግን ቋንቋው ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

እነዚህን ስሞች ይዘው የመጡት ሰዎች እነማን ነበሩ? ምን ያምኑ ነበረ? በየት በኩል መጡ? የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንዲት ቃል ጥቂት ልበል። ከክርስትና፥ ከእስልምናና ከአይሁድ ሃይማኖት ውጪ ያለውን ሰው በግእዝ «አረማዊ» እንለዋለን። ቃሉ መጀመሪያ የአራም አገር ሰው ማለት ነበረ። በአማርኛችን ግን ይህችው ቃል «አረመኔ» ሆና ጨካኝ፥ ርኅራኄ የሌለው ሰው ማለት ሆነች። በላቲን ቋንቋ የዚህ ቃል አቻ የገጠር ሰው ማለት ነበረ፤ ኤውሮፓውያን የሩቅ መንደር ሰው ብለው ጀምረው ነው ጣዖት አምላኪ ወደ ማለት የደረሱት። እኛ ደግሞ ካለማመን ተነሥተን ወደ ጭካኔ ደረስን። አንድን ሕዝብ በዚህች ቃል ከጠሩት በኋላ ስለ እምነቱ መጠየቅ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ፍርዱ ከምርመራው ቀድሟልና።

ወደ ደጋው እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህ አገር የነገሥታቱ አገር ነበረ። ከዚያ መቶ ዓመት በፊት በዚሁ በቦረና በጋሥጫ ገዳም አባ ጊዮርጊስ የሚባለው ታላቅ ሊቅ «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ ነበረ፤ መጽሐፉም በ1424 እንደ ተፈጸመ ይነገራል። በሳይንት የሚገኘው የተድባበ ማርያም ደብር በአፈ ታሪኩ ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ከተሠዋባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑን ይናገራል። ዐፄ በእደ ማርያም በቤተ አማራ አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። ዐፄ ናዖድ የጀመሩትን መካነ ሥላሴን ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ቤተ አማራ በገባ ጊዜ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠላቸው። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ራሱ፥ ወታደሮቹ የመካነ ሥላሴን ወርቅ ባዩ ጊዜ እጅግ እንደ ተደነቁ ሳይሸሽግ ጽፎታል።

ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦሮሞዎች ወደዚህ ደጋ በደረሱ ጊዜ ያገኙት አገር መጽሐፉ የተቃጠለበት፥ ሠራዊቱ የደከመ፥ ሕዝቡ ከጦርነት ገና ያላገገመ አገር ነበረ።

አሁን ስለ ጉዞአቸው። በዚህ ነገር ዋናው ምስክራችን አባ ባሕርይ የሚባል የጋሞ አገር ካህን ነው። በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ በግእዝ ጻፈ። አርእስቷን አልጠራውም፤ ሕዝቡ የሚጠላው ስም አለባትና። አባ ባሕርይ አገሩ ተዘርፎበታል፤ ስለዚህ እንደ ወዳጅ አይጽፍም። እንዲያውም በመግቢያው ላይ ስለ ክፉዎች ሰዎች ለምን ትጽፋለህ ለሚሉት መልስ ይሰጣል፤ የጠላቶቻችን የእስላም ነገሥታት ታሪክ ተጽፎ የለምን ይላል። እንግዲህ ጠላት ነው፤ ግን የሚቈጥር፥ የሚመዘግብ፥ ነገድን ከነገድ የሚለይ ጠላት ነው። እንዲህ ያለ ምስክር ከማይመረምር ወዳጅ ይሻላል።

እርሱ እንደሚነግረን ኦሮሞዎች ቦረናና በርቱማ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች የተከፈሉ ነበሩ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ገላና የሚባለውን የአገራቸውን ወንዝ ተሻግረው ወደ ባሌ ጠረፍ መጡ። ሥልጣናቸው እንደ እኛ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ንግሥና አልነበረም። በየስምንት ዓመቱ አንዱ የገዳ ክፍል ከሥልጣን ይወርዳል፥ ሌላው ይወጣል። እያንዳንዱም ክፍል ስም አለው፤ ሥልጣን በያዘም ጊዜ ከእርሱ በፊት የነበሩት ያልደረሱበትን አገር መውጋት ልማዱ ነው። ይህን ሥርዓት ያየ ሰው የጉዞው ፍጥነት ከምን እንደ መጣ ይገባዋል። በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ጎልማሳ ትውልድ የአባቶቹን ድንበር ጠባብ ሆኖ ያገኘዋል።

የታሪክ ሊቃውንት የአባ ባሕርይን ቈጠራ ከነገሥታቱ ዘመን ጋር አመሳክረው፥ ወደ ባሌ የገባው የመልባ ገዳ ከ1522 እስከ 1530 እንደ ነበረ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ሙደና፥ ኪሎሌ፥ ቢፎሌ፥ ሚችሌ እየተከታተሉ መጡ። በሚችሌ ዘመን በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ ጀመሩ፤ እስከዚያ ድረስ በእግራቸው ነበሩ። በ1562 ተራው የሐርሙፋ ሆነ። የሐርሙፋ ሰዎች የመልባ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ በገዳ ሥርዓት ልጅ ከአባቱ በኋላ አርባ ዓመት ቈይቶ ወደ ሥልጣን ይወጣልና። ሐርሙፋዎች ናቸው ወደ አንጎትና ወደ ቤተ አማራ የወጡት። እንግዲህ አባት የባሌን ድንበር ረገጠ፥ ልጅ በቤተ አማራ ደጋ ላይ ፈረሱን አጠጣ። በመካከሉ ያለውን ርቀት በካርታ ላይ ብትለኩት፥ ከብትን፥ ሴትን፥ ሕፃንንና ሽማግሌን ይዞ ለሚሄድ ሕዝብ ምን ያህል ጉዞ እንደ ነበረ ታያላችሁ።

ይህ ሁሉ በሰላም አልሆነም። መንደር ተቃጥሏል፥ ሰው ተገድሏል፥ ተማርኳል፤ የነገሥታቱም ሠራዊት በበኩሉ ወደ ኦሮሞ አገር ወርዶ ከብት ነድቷል፥ ሰው ማርኳል። ዘመኑን አሳምሮ ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ከአባ ባሕርይም፥ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕልም ድጋፍ አያገኝም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ልንሰማው የሚገባ ነው። አባ ባሕርይ እኛ በቍጥር ብዙ ሳለን ስለ ምን ተሸነፍን ብሎ ይጠይቅና፥ ሕዝባችን በዐሥር ክፍል የተከፈለ ነው ብሎ ይመልሳል። መነኮሳት፥ ደብተሮች፥ ዳኞች፥ የመኳንንትን ሚስቶች የሚያጅቡ፥ ሽማግሌዎች፥ ገበሬዎች፥ ነጋዴዎች፥ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች፥ ከበሮ መቺዎችና አዝማሪዎች፤ እነዚህ ዘጠኙ ከጦርነት ይሸሻሉ ይላል። የሚዋጋው ዐሥረኛው ብቻ ነው። ከኦሮሞዎች ዘንድ ግን ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም ተዋጊ ነው። እነሆ፥ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የሠራተኛ ድልድል ጥናት! ጸሐፊውም ካህን ሲሆን የራሱን ወገን በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ለማስቀመጥ አልፈራም።

አባ ባሕርይ ስለ ጦርነታቸውና ስለ ነገዳቸው ይህን ያህል ሲጽፍ፥ ስለ እምነታቸው ግን የተወልን ነገር እምብዛም ነው። እርሱን ከሕዝቡ አፈ ታሪክ፥ በኋላም የኦሮሞን አገር ከጐበኙ ሰዎች ጽሑፍ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

የሚያምኑት በአንድ ፈጣሪ ነው፤ ስሙም ዋቃ ነው። ዋቃ ማለት ፈጣሪ ማለት ነው፤ ሰማይም ማለት ነው። ዋቃ ጉራቻ ይሉታል፥ ጥቍሩ ዋቃ ማለታቸው ነው። እኛ በልማዳችን ጥቍርን ከክፉ ነገር ጋር ስለምናያይዘው ይህ ስም ያስደነግጠን ይሆናል። ነገር ግን በበጋ ወራት ሣሩ ደርቆ፥ ከብቱ ከስቶ፥ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ እረኛ ምን ዓይነት ሰማይ ማየት እንደሚመኝ አስቡት። የጠቈረውን ነው። ከዝናም በኋላ ወደ ውኃ ዳር ወይም ወደ ኮረብታ ወጥተው እርጥብ ሣር ይዘው ዋቃን ያመሰግናሉ፤ ይህም እሬቻ የሚባለው በዓል ነው። ሰው ሊያደርገው የማይገባውን ነገር «ሳፉ» ይሉታል፤ በሰውና በሰው፥ በሰውና በፈጣሪ፥ በሰውና በፍጥረት መካከል ያለውን ወሰን የሚጠብቅ ሕግ ነው። ካህናቸው ቃሉ ይባላል። በምሥራቅ ወሎ፥ በኮምቦልቻ አካባቢ ያለው የቃሉ ወረዳ ስም ከዚሁ የመጣ ነው።

መጽሐፍ ግን የላቸውም። ስለ ምን እንደሌላቸው የሚናገር ተረት አላቸው፤ በብዙ የኦሮሞ ነገዶች ዘንድ ይነገራል። ዋቃ ለሌሎች ሕዝቦች እንደ ሰጠ ሁሉ ለእነርሱም መጽሐፍ ሰጥቷቸው ነበረ፤ ነገር ግን ላም በላችው ይላሉ። ስለዚህም የዋቃን ነገር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከብት አርዶ የሆድ ዕቃዋን ሞራ ይመረምራል፤ የተዋጠው ጽሕፈት ያለው በዚያ ነውና። ይህን ተረት የሰማ ሰው ሊስቅ ይችላል። እኔ ግን ስሰማው የሚታየኝ የጋሥጫ ገዳም ነው። ይህን ተረት የሚናገሩ ሰዎች የመጡት «መጽሐፈ ምሥጢር» ወደ ተጻፈበት ምድር ነው። አንደኛው ወገን መጽሐፉ በእሳት ተቃጥሎበታል፥ ሁለተኛው ላም በልታበታለች፤ ሁለቱም የጐደለባቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። በአማርኛ «ሞራ ገላጭ» የምንለው ሰው ሥራው ይኸው የላሚቱን መጽሐፍ ማንበብ ነው።

መጽሐፍና ደብር የሌለው ሕዝብ፥ ከባሌ እስከ ዓባይ ተበትኖ ሲኖር፥ እምነቱ እንዴት አንድ ሆኖ ይቈያል? የዚህ ጥያቄ መልስ መንገድ ነው።

በደቡብ፥ በባሌ ምድር፥ አባ ሙዳ የሚባል ታላቅ የሃይማኖት አባት ነበረ። ሙዳ ማለት መቀባት ነውና፥ ስሙ የቅባት አባት ማለት ነው። ከየነገዱ የተመረጡ ሰዎች፥ ብዙውን ጊዜ በየስምንት ዓመቱ፥ ወደ እርሱ ይጓዙ ነበረ። እነዚህ መንገደኞች ጂላ ይባላሉ። ጂላ የሆነ ሰው ጠጕሩን ያሳድጋል፥ የጦር መሣሪያ አይዝም፥ ከማንም ጋር አይጣላም። ሁለት ነገዶች ደም ተቃብተው ሳለ እንኳ ጂላው በመካከላቸው ያልፋል፤ የሚነካው የለም። ለአባ ሙዳ ከብት ይዞለት ይሄዳል፥ በቅቤ ተቀብቶና ተመርቆ፥ ቁምቢ የሚሉትን ከርቤ ይዞ ይመለሳል። በአገሩም የሚባርክ፥ የሚያስታርቅ ሰው ይሆናል።

አስተውሉ፤ ያ በጦርነቱ አባ ባሕርይን ያስደነገጠው ሕዝብ፥ እጅግ የሚያከብረው ሰው ጦሩን ጥሎ የሄደውን ነው።

በሰሜን ኤውሮፓም የሚመሳሰል ነገር ነበረ። አዳም ዘብሬመን የሚባል ጀርመናዊ ካህን በ11ኛው መቶ ዓመት በስዊድን ኡፕሳላ በሚባል ቦታ ከየአውራጃው የመጡ ሰዎች በየዘጠኝ ዓመቱ ተሰብስበው መሥዋዕት እንደሚሠዉ ጽፏል። አዳምም እንደ አባ ባሕርይ የሌላ ሃይማኖት ካህን ነው፤ ልዩነታቸው አዳም በዓሉን በዓይኑ አላየም፥ ከሌላ ሰምቶ ጻፈ። አባ ባሕርይ ግን የጻፈው በቤቱ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነው።

ከቦረና ደጋ ተነሥቶ ወደ ባሌ ለመሄድ ያሰበ ሰው ወንጭትን ተሻግሮ፥ ሸዋን አቋርጦ፥ ወደ ዐዋሽ ወርዶ፥ የስምጥ ሸለቆውን አልፎ፥ እንደ ገና ወደ አርሲና ወደ ባሌ ደጋ መውጣት አለበት። የሐርሙፋ ሰዎች መንገዱን ወደ ሰሜን ሲመጡ ያውቁት ነበረ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ያንን መንገድ በወሬ ነው የሰሙት። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ ደጋ የዋቃ እምነት መለወጥ የጀመረው ሰባኪ ከመምጣቱ አስቀድሞ፥ ወደ አባ ሙዳ የሚወስደው መንገድ ከአንድ ሰው ጕልበት በላይ እየረዘመ በሄደ ጊዜ ነው። በቅርብ ተራራ ላይ ደወል ይሰማል፤ በሌላው ጎን አዛን ይሰማል፤ አባ ሙዳ ግን ሩቅ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ከራሳቸው ሕግ የመጣ ነው። ኦሮሞዎች ያሸነፉትን ሕዝብ፥ ወይም ተጠግቷቸው ሊኖር የመጣውን፥ ከብት አርደውና ምለው ወደ ጐሣቸው ያገቡት ነበረ። ይህ ሞጋሳ ይባላል። በሞጋሳ የገባ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የጐሣው ልጅ ነው፤ ደሙ ደማቸው፥ ከብቱ ከብታቸው ነው። ለአንድ ልጅ ሲሆን ደግሞ ጉዲፈቻ ይባላል። ይህችን ቃል ለእናንተ መተርጐም አያስፈልገኝም፤ ፍርድ ቤት የሚሠራው ያውቃታል፥ በቀበሌ የሚሠራውም ያውቃታል፥ በ2000 በወጣው በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ውስጥም ተጽፋለች። ሕጉ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ግን በከብት ጠባቂዎች አፍ ብዙ ወንዝ ተሻግራለች።

እንግዲህ በሞጋሳ የገባው የቀድሞው የቤተ አማራ ገበሬ በስም ኦሮሞ ሆነ፤ በቤቱ ግን እናቱ ያስተማረችውን ጾም አልረሳም። የገባውም ኦሮሞ ከእርሱ እርሻን ተማረ፥ ቋንቋውን ተማረ፥ ልጆቹን አጋባ። ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ ማን ማንን እንዳስገባ መለየት አይቻልም። ይህን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጥቀስ። አባ ባሕርይ ወሎን የሚቈጥረው ከከረዩ ወገን ነው፤ ከረዩ ደግሞ የበርቱማ ልጅ ነው። ሆኖም በወሎ መካከል ያለው ይህ ደጋ የሌላኛውን ታላቅ ወገን ስም ይዞ ቦረና ይባላል። ስም እንደ ሰው ይጓዛል፥ እንደ ሰውም በጉዲፈቻ ይገባል። በዘመናችን ከአንድ ወረዳ ስም ተነሥቶ የነዋሪውን ደምና አጥንት ለመቍጠር የሚሞክር ሰው ሲገጥመኝ፥ ይህን ደጋ ሄደህ እይ እለዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ18ኛው መቶ ዓመት የወረሂማኖ ባላባቶች በእስልምና ጸንተው ኃይለኞች ሆኑ። ሼኮች በየቦታው የዚያራ ቦታ መሠረቱ፤ ገታና ጀማ ንጉሥ እስከ ዛሬ ድረስ ሕዝብ የሚጐርፍባቸው ናቸው። ክርስቲያኑም ወደ ተድባበ ማርያም፥ በመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ይጓዛል። የዋቃ ሰዎች ልጆች መጓዝን አልተዉም፤ የሚጓዙበት አቅጣጫ ተለወጠ እንጂ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሰው ሁሉ ክርስትናን እንዲቀበል አዘዙ፤ የወረሂማኖው መሐመድ ዓሊ ያን ጊዜ ነው ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት። ብዙዎች ግን በእስልምናቸው ጸኑ፥ ስለዚህም ብዙ መከራ ደረሰ። ወደ አባ ሙዳ የሚደረገው ጉዞም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ። ነገሩ ሃይማኖታዊ ብቻ አልነበረም፤ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ያሳሰበ ይመስላል።

በ1000 ዓመት ግድም የአይስላንድ ሰዎች በሃይማኖት ተከፍለው ሊዋጉ በተቃረቡ ጊዜ፥ ቶርጌር የሚባል የሕግ ሽማግሌያቸው ፍርድ እንዲሰጥ ለመኑት። እርሱ ራሱ የድሮውን አማልክት የሚያመልክ ነበረ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ካባውን ተከናንቦ ተኝቶ አሰበ ይባላል። በተነሣም ጊዜ ሁሉም ይጠመቅ፥ በስውር ለድሮው አምላክ መሠዋት ግን አያስከስስ ብሎ ፈረደ። በቦረና ደጋ እንዲህ ያለ ፍርድ በአዋጅ አልተነገረም። ሕዝቡ ግን በየቤቱ ሳይናገር የፈረደው ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ምክንያቴንም ልንገራችሁ። በወሎ ሰው ሲታመም፥ ዝናም ሲዘገይ፥ ልጅ መንገድ ሲሄድ ወዳጃ ይደረጋል። ሽማግሌው ይመርቃል፥ ቡና ይፈላል፥ ጫት ይቀርባል፥ ተሰብሳቢውም በየምርቃቱ አሚን ይላል። ዱዓው የእስላም ነው፥ ክርስቲያን ጎረቤትም ይቀመጥበታል። «ወዳጃ» ግን የኦሮምኛ ቃል ነው፤ በአንድነት የሚጸለይ ጸሎት ማለት ነው። የሴቶቹም ሥነ ሥርዓት ዱበርቲ ይባላል፤ በኦሮምኛ ሴቶች ማለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ የጦር አለቃን በፈረሱ ስም የመጥራት ልማድ ከኦሮሞዎች የተወሰደ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ፥ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፥ ንጉሥ ሚካኤልን አባ ሻንቆ ብለን ስንጠራ በሐርሙፋዎች ልማድ እንጠራቸዋለን ማለት ነው።

የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ወካይ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በደቡቡ አገር አባ ገዳው ዛሬም በየስምንት ዓመቱ ሥልጣኑን ያስረክባል። በቦረና ወረዳ ግን አባ ገዳ የለም፥ ቃሉ የለም፥ ጂላም አይነሣም። ከመካነ ሰላም ገበያ የሚመለስ ሽማግሌ በመንገድ ላይ ወጣት ሲያገኝ ቆም ብሎ ይመርቀዋል፤ ወጣቱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አሚን ይላል፥ ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ደኅና እደሩ።